በ12 ሜትር ከፍታ ላይ፦ አንድ ተማሪ፣ አንድ ሲዘር ሊፍትና የነፋሱ ቁጥር

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዘር ሊፍት ላይ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ለማያውቀው ሰው፣ ሲዘር ሊፍት እንደ መቀስ እየተጠላለፈ የሚዘረጋ የብረት እግር ያለው ማሽን ነው። አናቱ ላይ በብረት አጥር የተከበበ መቆሚያ አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ሰውን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። መብራት ለመቀየር፣ ጣሪያ ለመጠገን፣ ቀለም ለመቀባት የማይጠራበት ቦታ የለም። እዚህም፣ ባሕረ ሰላጤውም አገሮች፣ እስራኤልም በዚህ ማሽን እንጀራቸውን የሚያበስሉ ብዙ የኛ ልጆች አሉ።

አዲስ ሰው ሲቀጠር ማሽኑን የማሳየው እኔ ነኝ። ለሁሉም የምነግራቸው የአንድ ተማሪ ታሪክ አለ። እስከ ዛሬ በቃል ነበር። አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ፤ ምክንያቱም በቃል ስናገረው ሰው የሚይዘው አሟሟቱን ብቻ እንደሆነ አየሁ። ከአሟሟቱ በፊት ያለውን ነገር ነው እንዲይዙልኝ የምፈልገው።

የማንንም ሰው ስም አልጠራም። የተቋሙ ስም ግን በመንግሥት ምርመራም፣ በራሱ ሪፖርትም ይፋ የወጣ ስለሆነ እጠቅሰዋለሁ።

መነሻው

ኖትርዳም በኢንዲያና ግዛት፣ ከሳውዝ ቤንድ ከተማ አጠገብ የሚገኝ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። አሠልጣኞች ማን የት እንደቆመ፣ ማን ቦታውን እንደለቀቀ ለማየት ልምምዱን ከላይ ያስቀርጻሉ። ከመሬት የተቀረጸ ፊልም ላይ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይጋረዳሉ፤ ከላይ ሲታይ ግን አሰላለፉ እንደ ሥዕል ይገለጣል። ስለዚህ ካሜራ የያዘ ሰው በሲዘር ሊፍት ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። የዚህ ጉዳይ ባለቤት 20 ዓመቱ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ፊልምም የሚያጠና። ሥራው ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ፣ ከሚወደው ቡድን ጋር የሚያውለው ነበር። ብዙ ተማሪ የሚመኘው ዓይነት ሥራ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያን ሳምንት የአሜሪካን መካከለኛ ክፍል ከባድ ማዕበል መታው። ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2010፣ ሚኒሶታ ውስጥ የተለካው የአየር ግፊት 955 ሄክቶፓስካል ገደማ ወረደ። ከባሕር ጠረፍ በራቀው የአገሪቱ ክፍል ከዚያ በፊት እንዲህ ዝቅ ያለ ግፊት አልተመዘገበም ነበር። ግፊቱ እንዲህ ሲወርድ ነፋሱ ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይጎርፋል። የአገሪቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎትም የነፋስ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ነፋሱ ያልታሰበ እንግዳ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ራሱ ማክሰኞ ዕለት ልምምዱን ከነፋሱ የተነሳ ቤት ውስጥ ነው ያደረገው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ

በማግስቱ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2010፣ በኛ ጥቅምት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ልምምዱ ወደ ሜዳ ወጣ። ተማሪው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ስለ ነፋሱ በማኅበራዊ ገጹ ጽፎ ነበር። በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ነፋስ እንደሚጠበቅ ያውቃል። ጽሑፉ ቀልድ አለበት፤ ከቀልዱ ሥር ግን ፍርሃት አለ። ከዚያ ሥራው ቦታ ሄደ። ወጣ። ላይ ሆኖም እንደገና ጻፈ። በዚህኛው ቀልድ የለም። እንዳስፈራው በግልጽ ነው የጻፈው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት አልሞላም። ወደ ማታ፣ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት (53 ማይል) የደረሰ ድንገተኛ ነፋስ ሜዳውን መታው። መቆሚያው 12 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። ማሽኑ ተገነደሰ። የሜዳውን አጥር ጥሶ አጠገቡ ባለው መንገድ ላይ ወደቀ። ልጁ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። አልተረፈም።

ችግሩ የት ላይ ነበር

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ነፋስ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። እኔ የምቃወመው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ቁጥር ነበረው። ማሽኑም ቁጥር ነበረው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ነው የጠፋው።

የማሽኑ አምራች ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በሆነ ነፋስ ማሽኑን መጠቀም እንደማይገባ አስጠንቅቋል። 40 እና 85 ሲታዩ እጥፍ ብቻ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ40 ወደ 85 ሲሄድ ደግሞ ማሽኑ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ያ ሁሉ የሚገፋው 12 ሜትር ላይ ነው። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ለማቆም የሞከረ ሰው ይህን ለማወቅ ስሌት አያስፈልገውም። ጫፉ ላይ የምትነካው ትንሽ ነገር ታች ያለውን እጅ ታጣምመዋለች።

ሌላም አለ። ታች የቆመ ሰው የሚሰማው ነፋስና ላይ ያለው የሚሰማው አንድ አይደለም። መሬት አጠገብ ሣሩ፣ አጥሩ፣ ዛፉ፣ ሕንፃው ነፋሱን ይይዙታል። ከፍ ሲሉ የሚይዘው የለም። አዛዡ ታች ነው፤ ታዛዡ ላይ ነው። ስለዚህ «ያን ያህል አይደለም» የሚለው ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ ነፋስ ነው።

የኢንዲያና ግዛት የሥራ ላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አራት ወር ተኩል ያህል መርምሮ ማርች 15 ቀን 2011 ውጤቱን አወጣ። ስድስት ጥሰቶችን ዘረዘረ። ከስድስቱ የከበደው «እያወቁ የተፈጸመ» ተብሎ የተመደበው ነው፦ የነፋስ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ጊዜ፣ ነፋሱ አምራቹ ካስቀመጠው ልክ ባለፈበት ሁኔታ፣ ያልሠለጠኑ ተማሪዎችን ማሽኑ ላይ ማውጣት። የቀሩት እኛ በየቀኑ ቸል የምንላቸው ነገሮች ናቸው። ሥልጠና በወጉ አልተሰጠም። ማሽኑ በየወሩና በየዓመቱ ሊደረግለት የሚገባው ፍተሻ አልተደረገለትም። የማስጠንቀቂያ ጽሑፎቹ በወጉ አልተያዙም።

ስለ ይሉኝታ

አሁን ቅድም «ልብ በሉልኝ» ወዳልኩት ልመለስ። ልጁን ማንም በግድ ገፍቶ አላወጣውም። እንደሚያስፈራው ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልወረደም?

መልሱን ለእሱ ልሰጥለት አልችልም። እኔ ባለሁበት ግን ይህን ጥያቄ በዓይኔ አይቸዋለሁ። አንድ ቀን የመኪና ማቆሚያውን መብራት እንድንቀይር ታዘዝን። ደመናማ ነው፣ ነፋሱ ካርቶን ያንከባልላል። አብሮኝ ያለው ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ማሽኑን ከመጋዘን እየነዳ አወጣው። ፊቱን አየሁት፤ ጥሩ አልነበረም። «ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁሉም እየወጣ እኔ ብቻ ፈራሁ ልበል እንዴ?» አለኝ።

ከዚህ በላይ አላወራንም። ወደ ማሽኑ ጎን ወሰድኩትና ሰሌዳውን አብረን አነበብነው። ሁለት ሥዕል አለው። አንደኛው ጣሪያ ሥር የቆመ ሰው፣ ሁለተኛው ነፋስ የሚነፍስበት ሰው። በጣሪያው ሥዕል ሥር «2 ሰው» ይላል። በነፋሱ ሥዕል ሥር «1 ሰው፣ 12.5 ሜትር በሰከንድ» ይላል። ልጁ ለሦስት ወር ያንን ማሽን ሲነዳ ነበር። ሰሌዳውን አይቶት አያውቅም። ሁለታችን አብረን ውጭ ልንወጣበት ነበር።

ይሉኝታ ጥሩ ነገራችን ነው፤ ሰው ያከባብራል። ከፍታ ላይ ግን ይገድላል። ሥራውን የወደደ፣ አዲስ የተቀጠረ፣ ከታላላቆቹ ፊት ሰነፍ መባልን የማይፈልግ ወጣት «አልወጣም» ለማለት አፉ አይፈታለትም። ኢንዲያናም ይሁን ቦሌ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ደኅንነትን በእሱ ድፍረት ላይ ያንጠለጠለ አሠራር ከመነሻው የተበላሸ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ የጣለው ቅጣት 77,500 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 55,000 ዶላሩ ለዚያ «እያወቁ» ለተባለው ጥሰት ነው። በጁላይ 2011 በተደረሰ ስምምነት ቅጣቱ ወደ 42,000 ዶላር ወረደ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ስለ ሲዘር ሊፍት ደኅንነት የማስተማር ዘመቻ ሊያካሂድና በልጁ ስም ለተቋቋመ መታሰቢያ ገንዘብ ሊሰጥ ተስማማ።

ዩኒቨርሲቲው የራሱንም ምርመራ አድርጓል። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ መሐንዲስ ከውጭ ሆነው እንዲያዩት ተደረገ። ሪፖርቱ በኤፕሪል 2011 ወጣ። ድምዳሜው ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ የሚጭን አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቀደም ብሎ፣ አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ፣ ልጁ በአደራ የተሰጠን ነበር፣ ልንጠብቀው አልቻልንም፣ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን፣ በመጨረሻም እኔ ነኝ ብለው በይፋ ጽፈዋል።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው እርምጃ ግን ሌላ ነው። በዚያው 2011 ዩኒቨርሲቲው በልምምድ ሜዳው ላይ ረጃጅም ምሰሶዎችን ተክሎ ከርቀት የሚታዘዙ ካሜራዎች አስገጠመ። ቀራጩ መሬት ላይ ሆኖ ካሜራውን ያዞራል። ፊልሙ ይቀረጻል፤ ሰው ግን አይወጣም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ካሜራው ሠርቷል። ምክንያቱም አደጋውን አልቀነሰውም፤ ጨርሶ አስወገደው። ሥልጠና ቢሰጥ፣ መለኪያ ቢገዛ፣ መመሪያ ቢጻፍ ሁሉም በሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ምሰሶ ላይ ያለ ካሜራ ቢወድቅ የሚሰበረው ካሜራ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ፦ ይህ ካሜራ ያኔም ሊተከል የሚችል ነበር። «ለመሆኑ ሰው የግድ መውጣት አለበት?» የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው ግን ከቀብሩ በኋላ ነው።

ቅጣቱ በራሱ ብዙ ሠራ ብዬ አልናገርም። ለእንዲህ ያለ ተቋም 42,000 ዶላር ምንም አይደለም። ይልቅ የምርመራው ዝርዝር በይፋ መውጣቱ ጠቅሟል፤ እኔም ዛሬ ይህን የምጽፈው ከዚያ የተነሳ ነው።

«ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም» የሚለውን ድምዳሜ በግማሽ እቀበላለሁ። አንድ አሠልጣኝ ወይም አንድ አለቃ ላይ ጣት ቀስሮ መሄድ ቀላል ነው፤ ማሽኑን ያልፈተሸው፣ ተማሪውን ያላሠለጠነው ግን ተቋሙ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይከብደኛል። ያን ቀን «አሁን ይውረዱ» የማለት ሥራ የማን ነበር? ስሙ ተጽፎ የተሰጠው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጥፋተኛ ለማግኘት ሳይሆን ልጁን ለማውረድ ይጠቅም ነበር።

አደጋው እዚያ ላይ አላቆመም። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት አስተዳደር በ2016 ስለ ሲዘር ሊፍት የተለየ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ 10 ሞቶችንና ከ20 በላይ ጉዳቶችን መመርመሩን ጠቅሷል። የተማሪውንም ታሪክ ያለ ስም አስገብቶታል። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የማሽኖቹ መመዘኛ ደግሞ ከልክ በላይ ሲጫን የሚያውቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው አድርጓል። ለውጭ ሥራ የሚፈቀድ ማሽን የሚችለው የነፋስ ልክ 12.5 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ለውጭ ጭራሽ አልተሠራም፤ ሰሌዳው ላይ የነፋሱ ቁጥር ዜሮ ነው።

ወደ እኛ ሥራ ቦታ የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ እኛ ጋ ያስገባሁት የመጀመሪያው ነገር የእጅ ነፋስ መለኪያ ነው። ስልክ ላይ የምናየው ቁጥር የአየር ማረፊያው ነው፤ ምናልባትም ያለፈው ሰዓት ነው። ሁለት ሕንፃ መካከል ያለ ክፍተት ነፋሱን ጠቦ እንዲያልፍ ስለሚያደርገው ያፈጥነዋል። መለኪያው ሥራው ቦታ ላይ መሆን አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው ዛፍ ይመልከት። ትልልቅ ቅርንጫፍ ከተወዛወዘ፣ ጃንጥላ መያዝ ካስቸገረ፣ ነፋሱ 40 ኪሎ ሜትር ገብቷል። ያኔ ማሽኑ መሬት ላይ ነው መሆን ያለበት።

ሁለተኛው ሰው ነው። ውጭ ሥራ ባለ ቁጥር ጠዋት ላይ አንድ ሰው ይሰየማል። ታች ይቆማል፣ ይለካል፣ «ውረዱ» ካለ ውይይት የለም። ላይ ያለው ሰው ፍርሃቱን እንዲናገር አይጠበቅበትም። ይሉኝታውን ከትከሻው የምናወርድለት በዚህ ነው። አለቃው መጀመሪያ ላይ «አንድ ሰው ቆሞ ሊውል?» ብሎ አጉረመረመ። ሰሌዳውንና የ2010ሩን ታሪክ ጎን ለጎን ሳሳየው ዝም አለ።

ሕጉንም ማወቅ ደግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሥራ ቦታው እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል። በመጠየቁ ከተበቀሉት በፌዴራሉ ሕግ አቤት የሚልበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፤ ይህችን ቀን ብዙዎች ሳያውቋት ታልፋቸዋለች። አገር ቤት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። አዲስ አበባ ላይ የሕንፃ መስታወት የሚያጥቡ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሰቅሉ ልጆች ይህን ቢይዙት እወዳለሁ። በተለይ የማስታወቂያ ሸራ ነገር። ሸራ ይዞ ከፍታ ላይ መውጣት ለነፋሱ ሸራ እንደ ዘረጋ ጀልባ መሆን ነው፤ የማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለው የነፋስ ቁጥር ያኔ አይሠራም።

አዲስ ሰው ሲመጣ አሁን መጀመሪያ የማሳየው የመውጫውን ቁልፍ አይደለም። ከታች፣ ማሽኑ እግር አጠገብ የአደጋ ጊዜ ማውረጃ እጀታ አለች። ላይ ያለው ሰው ቢደነግጥ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ታች ያለው ሰው የሚያወርደው በእሷ ነው። መቆሚያውን ባዶውን ወደ ላይ እልከዋለሁ። ከዚያ ልጁ ጓንቱን አድርጎ እጀታዋን ይስባል። መቀሱ ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ ዘይቱ ሲመለስ ይሰማል። እስኪወርድ ድረስ አብረን ቆመን እናያለን።